ስሙ ሳይጠራ አይጠጣም

በጣልያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ሰርኬን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የሚያውቃት ግን በጥጥ ነጋዴነቷ ነው። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ የከተመ፣ ባሏ ማይጨው ዘምቶ የቀረባት፣ ቀጠን ያለች ጠይም ሴት ናት። ምላሷ ይፋጃል። ዋጋ ሊያስቀንሳት የመጣ ሰው መጀመሪያ ይሰደባል፣ ቀጥሎ ይመረቃል፣ በመጨረሻም ምንም ሳያስቀንስ ገዝቶ ይሄዳል።

ከቤቷ ጀርባ ያለው የጥጥ መጋዘን ግን ሌላ ጉድ ነበር። ወጨጫ ጫካ ውስጥ የቆሰለ አርበኛ ሁሉ የሚታከመው እዚያ ነው። በጋሪ አስተኝተው፣ ጥጥ ከምረውበት፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለ በጣልያን ኬላ ፊት ያሳልፉታል። ማን ይጠርጥር! የሰርኬ ጥጥ ነዋ።

ሥራውን የያዙት ሦስት ነበሩ። ጎረቤቷ ራህማ ውሃ ታፈላለች፣ ጨርቅ ትቀቅላለች፣ ደግሞም አጉል እንግዳ ከመጣ በር ላይ ቆማ በወሬ ትጠምደዋለች። ጋሽ ዱባለ መድኃኒት አዋቂ ናቸው፤ ጥይት ያወጣሉ፣ አጥንት ይጠግናሉ፣ ሥርና ቅጠል ያውቃሉ። እጃቸው ፈውስ ነው ይባላል፤ እውነትም ነበር። የቤቱ አለቃ ግን ሰርኬ ናት። ማን ሾማት? ማንም አልሾማት! ቤቱ የእሷ፣ ለገመድ የቀረበውም አንገት የእሷ ነው።

ጋሽ ዱባለ አንድ ጠባይ ነበረባቸው። መድኃኒታቸውን ለማንም አይናገሩም። ሲቀምሙ ጀርባቸውን ይሰጣሉ፣ ሲያጠጡ በር ያስዘጋሉ። “ስሙ የተጠራ መድኃኒት ረከሰ ማለት ነው” ይላሉ። ለነገሩ እሳቸው ያመጡት አይደለም፤ የአባት የአያት ወግ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው እንኳ “መድኃኒት ወስዷል” ይባልና በሩ ይዘጋል። ስሙን ማን ይጠራል? የሰው ጥላ ያርፍበታል ተብሎ ይፈራል።

ነገሬ የተባለውን አርበኛ የበላው ይኸው ወግ ነው።

ነገሬ ትከሻው ላይ ተመትቶ የመጣ ተጫዋች ሰው ነበር። ቁስሉ እየደረቀ፣ ራህማን “ያንቺን ገንፎ ትቼ ጫካ አልመለስም፣ ጣልያን ራሱ ይምጣ!” እያለ ያስቃት ጀምሯል። ጫካ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ስለከረመ ሆዱን ትል ይዞት ኖሮ፣ ሊጠይቀው የመጣ ጓደኛው በድብቅ ኮሶ አጠጣው። ለማንም አልተናገረም፤ ወግ ነዋ! በማግስቱ ጋሽ ዱባለ ሆዱን ላጽዳለት ብለው፣ በር ዘግተው፣ ሌላ ኮሶ ደገሙት። ማንም አልጠየቀም፤ ወግ ነዋ! ነገሬም አፍሮ ዝም አለ። ቀኑ ሳይመሽ አንጀቱ ተንጠፍጥፎ አለቀ።

ነገሩ ሲጣራ ያ ጓደኛው አበደ። ሽጉጡን መዝዞ ወደ ጋሽ ዱባለ ዞረ። ሰርኬ መሃል ገባች።

“መልስ! መልስ ብያለሁ! አንተም አጠጣኸው፣ እሳቸውም አጠጡት። አንዳችሁም ክፉ አላሰባችሁም። እሳቸውን ዛሬ ብትገድል ነገ ሌላው በዚያው መንገድ ይሞታል። ነገሬን የገደለው ዝምታችን ነው!”

ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አንጀት የሚበላ ለቅሶ። ስትነሳ ግን ሕግ ይዛ ተነሳች። “ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ስሙ ሳይጠራ ምንም አይጠጣም። የሚያጠጣው ምን እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገር። የሚጠጣው ቀደም ብሎ ምን እንደቀመሰ ይናገር። ሌላ ሰው ቆሞ ይስማ። አለቀ!”

“ሰርኬ፣ አንቺ ጥጥሽን ሽጪ!” አሉ ጋሽ ዱባለ፣ ጺማቸው እየተንቀጠቀጠ። “ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። የአባቴን መድኃኒት የገበያ ወሬ አላደርገውም!”

“ጋሽዬ፣ እርስዎ አባቴ ነዎት። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አይደል የሚባለው? መድኃኒቱን የደበቀማ እንዴት ይሆናል?”

ጋሽ ዱባለ እያጉረመረሙ ተቀበሉ። ተቀበሉ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ስሙን የሚጠሩት ለገዛ ጺማቸው ነበር። ራህማ ትጮኻለች፣ “ጋሼ፣ አልሰማሁም!” እሳቸውም “ጆሮሽን ይድፈነው!” ይሏትና ትንሽ ከፍ ያደርጉታል።

በዚህ መሃል ባላምባራስ ገሜዳ ተመትተው መጡ። የወጨጫ አርበኛ አለቃ ናቸው። ጥይት ጭናቸው ውስጥ ገብቷል፣ ደማቸው ፈሷል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። እሳቸው ከሞቱ ጦሩ እንደሚበተን፣ ተበትኖም አንድ በአንድ እንደሚታደን ሁሉም ያውቃል። የዚያ ሁሉ ሰው ነፍስ በሰርኬ እጅ ወደቀ ማለት ነው።

ጋሽ ዱባለ ጥይቱን አወጡ። ጎሽ! ቁስሉን አጠቡ፣ አሰሩ። ከዚያ ዋንጫ ይዘው መጡና “በሩን ዝጉ፣ ሰው ይውጣ” አሉ። “ባላምባራስን እንደ ተራ ሰው አላጋልጣቸውም። ዛሬ ሕግሽ ይቅር።”

ሰርኬ በሩ ላይ ቆመች።

“ስሙን ይጥሩት።”

“አንቺ ሴት፣ በጌታ ፊት!”

“ስሙን ይጥሩት ጋሽዬ።”

ባላምባራስ ዓይናቸውን ገለጡ። “ምን ትላለች ይህች ሴትዮ?”

እንዲህ ያለውን ትልቅ ሰው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሆድዎ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ያስገርፋል። ጠየቀች!

“ጌታዬ፣ እዚህ ቤት አንድ ጀግና ኮሶ ላይ ኮሶ ጠጥቶ ሞቶብናል። በቅርቡ ምን ጠጥተዋል? ሳይነግሩኝ ይህ ዋንጫ አፍዎ አይደርስም። ከፈለጉ ሲድኑ ይግረፉኝ።”

ፈጠነ የሚባለው አሽከራቸው ጥግ ቆሞ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ጌታው እንዳይናገር አስምለውታል፤ “ባላምባራስን ትል ያዘው ይበሉኝ እንዴ?” ብለው። ፈጠነ አንዴ ጌታውን፣ አንዴ ሰርኬን አየ። አፉን ከፍቶ ዘጋ።

“ተወው ፈጠነ” አሉ ባላምባራስ። ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰቅለው ነው። “ትናንት ... ጠጥቻለሁ። ኮሶ። ገና አልለቀቀኝም።”

ጋሽ ዱባለ ዋንጫውን ተመለከቱ። “ይኼም ኮሶ ነው፤ ሆድዎን ላጽዳ ብዬ” አሉ። ቀስ ብለው በር ድረስ ሄዱና ውጭ ደፉት። ተመልሰው ሲመጡ ሰርኬን ግንባሯን ሳሟት። ራህማ አጥሚት አፈላች። ባላምባራስ በሙቅ አጥሚት ነፍስ ዘሩ፤ ዋል አደር ብለው በእግራቸው ቆሙ፣ ከዚያም ጫካቸው ገቡ። በጦራቸውም ሁሉ የሰርኬን ሕግ አወጁ።

ወዮ ከዚያ በኋላ ጋሽ ዱባለን ለሚሰማ ጆሮ! እሳቸው እንደሆኑ አንዴ ካመኑ ልክ የላቸውም። ዋንጫ ባነሱ ቁጥር “ኮሶ ነው! ኮሶ!” እያሉ ያስተጋባሉ። ሰርኬ ትሮጣለች፣ “ኧረ ጋሽዬ ቀስ ይበሉ፣ ባንዳ ይሰማል!”

“ይስማ! ከፈለገ መጥቶ ይጠጣ!”

ጣልያን ተሸንፎ አርበኛው በኮልፌ በኩል ሲገባ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞላ። እልልታው ጆሮ ያደነቁራል። ባላምባራስ ገሜዳ በተሸለመች በቅሎ ከፊት ሆነው፣ ጋሻ አንግበው፣ ፉከራ እየተፎከረላቸው መጡ። ሰርኬ ከራህማ ጋር ከሰው ኋላ ቆማለች። አዩዋት። በቅሎዋን አቆሙ።

ከዚያ ወረዱ። እንዲህ ያለ ጌታ ለጥጥ ነጋዴ ከበቅሎ ሲወርድ ያየ ሰው ስላልነበረ፣ እልልታው ቀጥ አለ። ባላምባራስ ትንሽ እያነከሱ ሄደው ከፊቷ ቆሙና እጅ ነሱ። ጦራቸውም ይህን ሲያይ ከበቅሎው ረገፈ።

“ወገኔ ስማ!” አሉ፣ ድምፃቸው ሜዳውን ሞልቶ። “ሰው ሁሉ የመታኝን ጥይት ይጠይቀኛል። ይህች እናት ግን ሆዴን ጠየቀችኝ። እኔ ገሜዳ ያን ጊዜ ኮሶ ጠጥቼ ነበር! ትል ይዞኝ ነበር! እሱን ደብቄ ልሞት ስል፣ እሷ አስለፍልፋኝ ተረፍኩ!”

ጦሩ በሳቅ ፈረሰ። ሰርኬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች፤ ትስቃለችም። ከኋላ አንዱ አርበኛ “እኔንም አስለፍልፋኛለች!” አለ፣ ሌላው “እኔንም!” አለ፤ እነዚያ በእሷ ቤት ያለፉ ሁሉ፣ ሳያፍሩ፣ የጠጡትን በየስሙ እየጠሩ ወደ እሷ መጡ።