ወላጆች ረክተዋል

ልጄ ማንበብ እንደማትችል ያወቅሁት መብራት በጠፋበት ዕለት ነው።

ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ካርቱም ከሙቀቷና ከአቧራዋ ሌላ ክፉ ነገር የሌላት በሚመስለን ጊዜ። እኔና ልጄ ዴም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሌሎች ሐበሾች በሞሉት ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ቀን ቀን ሪያድ ወደሚሉት የካርቱም የሀብታሞች ሰፈር ሄጄ ሰው ቤት እሠራለሁ። ስመለስ እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ የአማርኛ መጽሐፏን ታነብልኛለች፣ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። ወላሂ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም ነበር። እንዴት ታንበለብለዋለች መሰላችሁ! አንድ ቃል አያደናቅፋትም። እኔ ወሎ እያለሁ ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ነው ያቋረጥኩት፤ ፊደል ባውቅም እንደሷ ፈጥኜ ያነበብኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አባቷ ሊቢያ ብሎ ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

ያን ዕለት ገና እንደመሸ ከህረባው፣ መብራቱ ማለቴ ነው፣ ሄደና ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። የልጄ ድምፅ ግን አልቆመም። የጀመረችውን የአይጥና የድመት ተረት ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ስልኬን አብርቼ መጽሐፉን ተቀበልኳትና ጣቴን አንድ ቃል ላይ አሳረፍኩ።

«እስቲ ይቺን አንብቢልኝ።»

ፊደሉን ትታ ጣቴን ታያለች።

«እሺ፣ ይቺ ፊደልስ ማን ናት?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ዩማ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ?» አለችኝ። ዩማ እናቴ ማለቷ ነው፤ እዚያ ያደጉ ልጆች እንደዚያ ነው የሚጠሩን።

አራተኛ ክፍል እኮ ናት! አራተኛ ክፍል ደርሳ «ለ»ን ከ«ሰ» አትለይም! መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ይዛ ነው ለካ ስታስደስተኝ የከረመችው።

በነጋታው አሠሪዬን መዳምን አርፍጄ ልግባ ብዬ ለመንኩና እሳት ጎርሼ ወደ ሐበሾቹ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩ ከሲታ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ራሳቸው ሁለት ክፍል ስለሚያስተምሩ ድምፃቸው ሁልጊዜ እንደዘጋ ነው።

«ኡስታዝ፣ ልጄን ምን አደረጋችኋት?» አልኳቸው ገና ከበሩ።

አልተቆጡኝም። ይዘውኝ ሄደው የሷን ክፍል በበሩ አሳዩኝ። ልጆቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። አንዲት መምህርት አንድ መስመር ትጮሃለች፣ ልጆቹ ግድግዳው እስኪነቃነቅ ይከተሏታል።

«ይሄን ሁሉ ልጅ አንድ በአንድ ላስነብብ ብትል መቼ ልትጨርስ ነው? በጋራ ትላለች፣ በጋራ ይላሉ» አሉኝ። ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ተስፋ አለ እህቴ። የሚረዳን ድርጅት ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች ለብቻ የምታስተምር መምህርት አዘጋጅቷል። ግን ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው የምትደርሰው። የት እንደሚልካት የሚቆርጠው ወላጆችን ጠይቆ ነው፤ ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው፣ ልጃችሁ ያነባል ወይ የሚል ወረቀት ያድላል። አያነብም ካላችሁ ወደኛ ትመጣለች። እኔ ብናገር ሥራውን አልቻለም ነው የምባለው። እናንተ ተናገሩ» አሉኝ።

ወረቀት ላይ አያነብም ማለት! ይሄ ምን ይከብዳል ብዬ ነበር።

ማታ ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ደወልኩ። ልጄ ደጃፉ ላይ ሳህን ታጥብ ነበር። «ትምህርቱ ጥሩ ካልሆነ ልጅቷን ላንቺ ነው የምልካት» አልኳት። «ዐረብኛ ትምህርት ቤት እንዳላስገባት ኢቃማ የለን፣ የመኖሪያ ወረቀት የለን። እንደኔ የሰው ቤት ስታጥብ ከማይ አፈር ልብላ።» እህቴም፣ «ላኪያት፣ እዚህ ደህና ትምህርት ቤት አለ» አለችኝ። በአፌ እንደዚያ ልበል እንጂ፣ ያቺ ልጅ አጠገቤ ሳትተኛ እንዴት ሊነጋልኝ እንደሚችል አንድዬ ይወቀው። እዚሁ እንድትቀርልኝ ያቺ መምህርት መምጣት ነበረባት፣ በቃ።

ጁምዓ እስኪደርስ ጨነቀኝ። አብዛኞቹ እናቶች አሠሪዎቻቸው ቤት ነው የሚያድሩት፤ ልጆቻቸውን እኛ ግቢ ላሉት አሮጊት ትተው ጁምዓ ጁምዓ ብቻ ነው የሚወጡት። ሰብሰብ ብለው ሲጫወቱ ደረስኩባቸውና ነገሩን ዘረገፍኩት። ጎረቤቴ፣ አርካዊት ሰፈር የምትሠራዋ፣ ልጇ ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ነው፤ ሳቀችብኝ።

«የኔ ልጅ? የኔ ልጅማ እንደ ውሃ ነው የጠጣው! በጆሮዬ እየሰማሁት!»

«እህት ዓለም፣ በጆሮሽ ነው እንጂ በዓይንሽ መች አየሽው? ዓይኑን ሸፍነሽ አስነብቢው።»

«ልጅሽ ብትሰንፍ ልጃችንን ሁሉ ልታሰንፊ ነው?» አለችና ተቆጥታ ልጇን ጠራችው። ሻሿን ፈታች፣ ዓይኑን ጥፍር አድርጋ አሰረችው፣ መጽሐፉንም ገልጣ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። «በል አንብብ፣ ትፈር ይቺ ሴትዮ!»

ልጁ ጨዋታ መስሎት ደስ አለው። ዓይኑ እንደታሰረ አነበበው፤ ገጽ የት ጋ እንደሚገለጥ እንኳ በቃሉ ይዞታል፣ በሰዓቱ ይገልጣል። እሱ ሲጨርስ እናቱ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። «ውይ ጉዴ!» አለች። «ውይ ጉዴን! ለአገር ሰው ሁሉ ልጄ ተማረ ብዬ አውርቼ!»

ሌሎቹን ማሳመን ግን ቀላል አልነበረም። ማመኑን አመኑ፤ መናገሩ ነው የከበዳቸው። አንዷ ጠና ያሉት፣ «ልጄ፣ መምህር እንዴት ይታማል? በደህና እጅ ሰጥተን ክፉ እንመስክርባቸው? ነገ ልጃችንን በምን ዓይን ያዩታል?» አሉኝ። እሳቸውን ይዞ ሁሉም ተግደረደረ። ለሰው ቤት መዳም ቀኑን ሙሉ እሺ ስንል የምንውል ሰዎች ነን፤ ይሄ ጎደለ ማለት አፋችን ላይ አይመጣም። ተናደድኩ።

«ሐሜት አይደለም እኮ እማማ፣ እነሱ ራሳቸው ናቸው ንገሩን ያሉን! ዝም አይነቅዝም ብላችሁ ልጁን አስነቀዛችሁት! የዛሬን ይሉኝታችሁን ነገ ልጆቻችሁ ይመልሱላችሁ እንደሆነ እናያለን!»

አፌ ክፉ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያቺ ጎረቤቴ አገዘችኝ፤ የልጇን ዓይን ያሰረችበትን ሻሽ እያወናጨፈች እየዞረች ለመነቻቸው። ሲመሽ ሁሉም እሺ አሉ። አብዛኞቹ ስለማያነቡ፣ «ወረቀቱ ሲመጣ አንቺ ቤት እናስቀምጠዋለን፣ በየስማችን እውነቱን ሙይልን» አሉኝ። ያን ማታ ልጄን እቅፍ አድርጌ ተኛሁ።

ችግር ሲመጣ ደግሞ ቀን ይመርጣል። ወረቀቱ በታደለበት ሳምንት የመዳም አማት ሞቱ። ሱዳኖች ለቅሶ ሲቀመጡ ቤቱ በሰው ይጥለቀለቃል፤ ሻይ ሲፈላ፣ ሳህን ሲታጠብ ነው የሚነጋው። መዳም ለቅሶው እስኪያልፍ እዚሁ እደሪ አለችኝ። የሰው ሐዘን ላይ ምን ይባላል? ለአሮጊቷ ደወልኩ። «ወረቀቱ መጥቷል፣ ሁሉም አንቺ ቤት ጥለውት ሄደዋል» አሉኝ። «አልጋው ላይ ይቀመጥልኝ፣ መጥቼ እሞላዋለሁ» አልኳቸው።

ስመለስ አልጋው ላይ ምንም የለም።

«ወረቀቱስ?» አልኳት ልጄን።

«ቀኑ ደርሶ ተወሰደ» አለችኝ፣ ፊቷን አዙራ ፀጉሯን እየፈታች።

«ሳይሞላ?»

«ተሞልቷል።»

እናቶቹ ቀኑ እንዳያልፍ ፈርተው ፊደል የሚያውቅ ሰው ፈልገው ያስሞሉት መሰለኝ። እግሬ አብጦ መቆም አቅቶኝ ነበር። አልሐምዱሊላህ ብዬ ጋደም አልኩ።

ውጤቱ ጁምዓ ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይነገራል ተብሎ ተጠራን። ከድርጅቱ የመጣው ልጅ እግር፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንደበቱ የታረመ ሐበሻ ነው። ከፊት ቆሞ በፈገግታ ጀመረ።

«ወላጆች ረክተዋል» አለ። «ሁላችሁም ልጃችን በደንብ ያነባል፣ ትምህርቱ በጣም ጥሩ ነው ብላችኋል። እንዲህ የተመሰገነ ትምህርት ቤት አላየንም። ስለዚህ መምህርቷን ችግር ወዳለበት ሌላ ትምህርት ቤት መድበናታል። እንኳን ደስ ያላችሁ!»

አንዳንዱ ከጨዋነት ብዛት አጨበጨበ። ርዕሰ መምህሩ መሬት መሬት ያያሉ። ጎረቤቴ ግን ዘላ ተነሳችብኝ።

«አንቺ ሴት! በኔ ስም ምን ጻፍሽብኝ? እኛን አሳምነሽ፣ አስምለሽ፣ ምን ጻፍሽ?»

«እጄን አላሳረፍኩበትም! ወላሂ አልነካሁትም!» አልኩና ወደ ልጅ እግሩ ሮጥኩ። «ወንድሜ፣ ውሸት ነው! ልጆቹ አያነቡም! የትኛው እናት ነው ያነባል ያለህ?»

ልጅ እግሩ አላመናጨቀኝም። ወረቀቶቹን ከቦርሳው አውጥቶ አሳየኝ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች እንዲቀል ከየጥያቄው ጎን ሦስት ፊት ተሥሏል፤ የሚስቅ፣ ዝም ያለ፣ የሚያለቅስ። ሁሉም ወረቀት ላይ፣ ሁሉም ጥያቄ ጎን፣ የሚስቀው ፊት በእርሳስ ተከቧል። እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳው ተጭኗል። ይህን አያያዝ አውቀዋለሁ፤ ልጄ እርሳስ እንደ ጦር ነው የምትጨብጠው።

ዞር ስል ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ?»

አልካደችም። «ዩማ፣ ለኻልቲ በስልክ ትምህርቱ ጥሩ ካልሆነ እልካታለሁ አልሻት» አለች፣ አክስቷን ማለቷ ነው። «ጥሩ ነው እንዲባል የሚስቀውን አደረግሁ። የኔን ብቻ ቢሆን አያምኑም ብዬ የሁሉንም አደረግሁ።»

ጎረቤቴ ወደኔ የቀሰረችው ጣት ወረደ፣ ሻሿን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ልመታት ነው፣ ልስማት ነው፣ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ከኔ እንዳትለይ ብላ የሚለያየንን በእጇ ሞላችው! ወይኔ ልጄን! ወይኔ!

ልጄ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ አየችና ያጠፋችውን ልታስተካክል ወደ ልጅ እግሩ ጠጋ አለች። «ኡስታዝ፣ ሌላ ወረቀት ይስጡኝ። ያላ፣ አሁን ቶሎ የሚያለቅሰውን አደርጋለሁ» አለችው።

ልጅ እግሩ ጫማውን አየ። መምህርቷ እዚያ ሥራ መጀመሯን፣ በሚመጣው ዓመት ግን እንደገና እንደሚጠይቁን ነገረን። ርዕሰ መምህሩም ተማጠኑት፤ በተዘጋው ድምፃቸው እንኳ ለመኑት። «ወላጆች ረክተዋል የሚል ወረቀት ይዤ፣ አልረኩም ብዬ ማንን ላሳምን?» አላቸው። እሱስ ምን ያድርግ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም ያላሰብኩት አልነበረም። ቀን የሰው ቤት ውዬ ማታ ራሴ ላስተምራት ሞከርኩ። ፊደሉን ገበታ ላይ ጻፍኩላት። ጥቂት እንደቆየሁ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ እሷም ጣቷን ፊደሉ ላይ እንዳደረገች ትተኛለች። ሌላ ዓመት ልጠብቅ እንዳልል፣ ያ ዓመት ካለፈ ልጅነቷ አይመለስም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በመተማ በኩል አገር ከምትገባ የወሎ ሴት ጋር ላክኋት።

አውቶቡሱ ጋ እንደምትጮህ፣ እንደምትንቀጠቀጥ አስቤ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ወደ እኔ ጎንበስ አለችና፣ «ዩማ፣ ማንበብ ስችል ትወስጂኛለሽ?» አለችኝ። ኢንሻአላህ አልኳት። ምን ልበላት?

መዳም የፈቀደችልኝ ጠዋቱን ብቻ ነበር። ረክሻ በሚሉት ባጃጅ በርሬ ሪያድ ደረስኩ። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ፊቴን አየት አድርጋ፣ «ልጅሽ በደህና ሄደች? አንቺስ ደህና ነሽ?» አለችኝ።

«ተማም፣ መዳም» አልኳት። «ሁሉም ደህና ነው፣ በጣም ጥሩ።»