«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ተብሎ የተነሳው ፎቶ

ትናንት ከትምህርት ቤት መጥቼ ዩኒፎርሜን እንኳን ሳልቀይር ላፕቶፑን ከፈትኩ። ለቅዳሜው የመታሰቢያ ፕሮግራም የወንድሜን ፎቶዎች በቲቪ እንዳሳይ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ በረከት ክረምት ላይ ነው ያረፈው። ላፕቶፑም የእሱ ነበር።

ፎቶዎቹን የሰበሰብኩት ከእማዬ፣ ከአክስቴና ከአጎቴ ልጅ ነው። ስልኮች ለፎቶ የሚያወጡት ስም ስለሚመሳሰል አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገቡ ይጋጫሉ። ስለዚህ በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ስም የሚቀይርልኝ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ... የእያንዳንዱ ፎቶ ስም የተነሳበት ቀንና ሰዓት ይሆናል፣ እስከ ሰከንዱ። በአንድ ሰከንድ ሁለት ፎቶ ከየት ይመጣል ብዬ።

አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ በአንድ ታያለች።

«የኔስ? የፍቼ በዓል ዕለት ጉዱማሌ ሜዳ ያነሳሁት የታለ?»

«ይኸው እኮ አክስቴ።»

«ይሄማ የእናትህ ነው! ከጎን አንስታው ጆሮው ብቻ ነው የሚታየው። የኔ ከፊት ነው፣ እየሳቀ።»

ፈለግኩ... የለም። የአጎቴ ልጅ ያነሳውም የለም።

«አጠፋኸው?» ድምጿ ቀጠነ። «እኔ እኮ ሚሞሪው ላይ ገልብጬልህ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ። ሌላ የለኝም።»

 ከዚያ በረከት ኮድ ሲያስተምረኝ የሚለው ትዝ አለኝ። «አንተ ችኩል፣ መጀመሪያ ቅዳ! አይተህ ካረጋገጥክ በኋላ ታጠፋለህ» እያለ ይኮረኩመኝ ነበር። ስክሪፕቴን አየሁት... የሚቀዳ ነው፣ ዋናውን አይነካም። ሚሞሪውን መልሼ ሰካሁ። ፎቶው አለ፣ የአጎቴ ልጅ ያነሳውም።

ሦስቱን ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ደቂቃው፣ ሰከንዱም አንድ ነው። ለካ ያን ዕለት ሁሉም ስልኩን ደግኖ ሲጨቃጨቅ በረከት ራሱ ነበር «በቃ፣ እኔ ልቁጠርላችሁ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ያላቸው። ሦስቱም እኩል ተጫኑ። ስማቸው አንድ ሆነና መጨረሻ የተቀዳው የእማዬ ፎቶ ፎልደሩ ውስጥ ሁለቱን ደምስሶ ተተካባቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ፓይተን ውስጥ ዩዩአይዲ የሚባል አለ። በአንድ መስመር ትጠራዋለህ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ ሌላ የማይደግመው ረጅም ስም ያወጣልሃል። ከመጀመሪያውም እሱን መጠቀም ነበረብኝ።

አክስቴ የተደባለቀውን ፊደልና ቁጥር አይታ ሳቀች።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው? ማን ሊጠራው!»

«የሚጠራው ኮምፒውተሩ ነው።»

«እሺ፣ እሱ ይጥራው። ብቻ ልጄ ይታየኝ» ብላ ፎቶውን አጉልታ አየችው።

ቅዳሜ ሦስቱንም አሳያለሁ። እኔም ሦስቱም ላይ አለሁ፣ አጠገቡ ቆሜ... ሦስቱም ላይ ዓይኔን ጨፍኜ።