እኩል አማካይ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በልደታ ክፍለ ከተማ ውድድር ላይ ትምህርት ቤታችንን ወክላ ርዝመት የምትዘል አንዲት ሴት ልጅ ትፈለግ ነበር። ለመጨረሻው ምርጫ የቀረነው እኔና አንዲት የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጅ፣ ጓደኛዬ፣ ነበርን። የስፖርት አስተማሪያችን የልምምድ ዝላዮቻችንን ደምረው ሲያካፍሉ የሁለታችንም አማካይ አራት ሜትር ሆነ።

"እኩል ናችሁ። እሷ ግን አትዋዥቅም፤ እሷ ትሂድ" አሉ።

እውነታቸውን ነው። የጓደኛዬ ዝላዮች ሁሉ አራት ሜትር አካባቢ የተሰበሰቡ ነበሩ። የእኔ ግን አንዱ ሦስት ሜትር ተኩል፣ ሌላው አራት ተኩል እየሆነ ይበታተናል። በዚያው ሳምንት ሒሳብ ክፍል ስለ ስርጭት ተምረን ስለነበር ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ቲቸር፣ ውድድሩ ላይ ወደ ቀጣዩ ዙር ለማለፍ ስንት ያስፈልጋል?"

"አራት ሜትር ከሠላሳ።"

"እሷ ይህን ዘልላ ታውቃለች?"

የመዘገቡበትን ወረቀት አዩ። "አታውቅም።"

"እኔ ግን ዘልያለሁ። ከሦስቱ ሙከራ የሚያዘው ደግሞ ትልቁ ብቻ ነው። ስርጭቴ ሰፊ ስለሆነ አንዱ ይደርሳል።"

ጓደኛዬ ሳቀች። "እውነቷን ነው ቲቸር። አማካዩ የሚያዝ ቢሆን ግን አልለቅላትም ነበር!"

በውድድሩ ቀን በመጀመሪያው ሙከራ መስመር ረግጬ ተሰረዘብኝ። ሁለተኛው አጭር ሆነ። አስተማሪያችን ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔ ግን አዘላለሌን ስለማውቀው አልደነገጥኩም። ሦስተኛው ሲለካ አራት ሜትር ከአርባ ሆነ። አሸዋውን ከልብሴ ሳላራግፍ ጓደኛዬ እየጮኸች መጥታ ተጠመጠመችብኝ።