በኋላው ሽፋን ላይ በእርሳስ የተጻፈው

እትዬ ቁልፌ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው የሚያስታውስ የለም። በጥብቅና ቢሮው መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠሩ የመደርደሪያዎቹን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው አያውቁም፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ባለቤታቸው ግን ስሙ የወጣው ለአፋቸው ነው ባይ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው የመንገደኛውን ወሬ ሁሉ ሲሰሙ ኖረው የገዛ ሚስታቸውን ወሬ ብቻ ሳይሰሙ የቀሩ ሰው። ራት ላይ «ዛሬ ምን ነበር?» ሲሉ መልሱ «ሥራ» ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሆድ ይፍጀው።

መዝገብ ቤቱ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። አንድ መስኮት አለው፤ እሱም የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው የሚያሳየው። ስድስት የብረት መደርደሪያ፣ ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል፣ ሲስቡት የሚያኮርፍ መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ፣ በቃ። ማህደሮቹ ወፍራም ቢጫ ሽፋን ያላቸው ናቸው።

ሽማግሌው ጠበቃ፣ የቢሮው መሥራች፣ ሳይሞቱ ያቆሙት አንድ ደንብ ነበር። ደንበኛ ፎርም ላይ ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን ይሞላል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው ነገር ግን ፎርም ላይ አይሰፍርም፤ ፎርም የብዙ ሰው እጅ ይገባል። እሱ የሚጻፈው በማህደሩ የኋላ ሽፋን፣ ከውስጥ በኩል፣ በእርሳስ ነው። ጉዳዩ ሲዘጋ ይጠፋል። የሚጽፉትም የሚያጠፉትም እትዬ ቁልፌ ብቻ ናቸው። «ቤት አይደወል፤ እናቱ መታሰሩን አልሰሙም።» «ደብዳቤ በጎረቤቷ በኩል ብቻ።» «ማንበብ አይችሉም፤ ሰው ፊት ወረቀት አይሰጣቸው።»

ስለዚህ የቢሮው ጠበቆች ስልክ ከማንሳታቸው በፊት በመዝገብ ቤቱ በር ብቅ ይላሉ። «እትዬ፣ እንዲህ ላለው ሰው ልደውል ነው» ይላሉ። እትዬ ቁልፌ ቀና ሳይሉ ራሳቸውን ወይ ከላይ ወደ ታች ወይ ከግራ ወደ ቀኝ ያንቀሳቅሳሉ። በዚህች የራስ ንቅናቄ ስንት ትዳር፣ ስንት ስም እንደዳነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ማወቃቸውንም ይወዱት ነበር።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዓመት የመጣች አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሱቅ ትሠራለች፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ፍቺና የልጆቿን አሳዳጊነት ትፈልጋለች። እንግዳ ተቀባይዋ ፎርሙ ያለ ስልክ ቁጥር አይሞላም ስላለቻት፣ በቃሏ የምታውቀውን ብቸኛ ቁጥር ጻፈች፤ የባሏን። ከዚያ መዝገብ ቤት ገብታ በሩን ገፋ አደረገችና እትዬ ቁልፌ ጆሮ ላይ ጎንበስ አለች። በዚያ ቁጥር በጭራሽ እንዳይደወል፣ በመድኃኒት ቤት በምትሠራው እህቷ በኩል ብቻ እንድትፈለግ ነገረቻቸው። ባሏ የከሰሰችው ቀን ልጆቹን ይዞ ወደ ዘመዶቹ አገር እንደሚሄድ፣ ዳግመኛ ዓይናቸውን እንደማታይ ነግሯታል። ተቆጥቶ ቢሆን ባልፈራች፤ የነገራት እያጎረሳቸው፣ ረጋ ብሎ ነው። እትዬ ቁልፌ እርሳሳቸውን ቀርጸው ሦስት መስመር ጻፉ። ልጆቹን የሚያስጠብቀው የፍርድ ቤት ማመልከቻ በሚመጣው ወር እንዲገባ ቀን ተቆረጠ።

በዚሁ መሐል ነው ማህደሮቹን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሰውዬ የመጣው። ቢሮውን የወረሰችው የሽማግሌው ልጅ ናት፤ እሷም ጠበቃ ናት፤ ያመጣችውም እሷ ናት፤ ምክንያትም አላት። በዝናቡ ወራት ኮርኒስ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ አርባ ማህደር ረጥቧል። በዚያው ሰሞን የሌላ ቢሮ ጥበቃ የሌለው ኮምፒውተር በሌቦች ተከፍቶ የደንበኞቹ ምስጢር አደባባይ ወጥቷል ተባለ። ሰውዬው መላጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሻይ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ የሚያመሰግን ሰው ነው። ዕቅዱ ይህ ነው፤ ወረቀቱ ሁሉ በስካነር ይነሣል፣ ሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ የይለፍ ቃል የሌለው አያየውም፣ ማን መቼ እንደከፈተው ይመዘገባል። እትዬ ቁልፌ ገና ከመጀመሪያው ቀን በአንቱታ ተቀበሉት። በሃያ ዓመት የሚያንሳቸውን ሰው አንቱ ማለታቸው አክብሮት እንዳይመስላችሁ፤ ሲከፋቸው ነው አንቱታው የሚበዛው።

ሰውዬው ሥራ ሲጀምር ጠየቃቸው፤ በየማህደሩ የሚነሣው ወረቀት በሙሉ ነው ወይ? «ወረቀት በሙሉ» አሉት። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ጠየቀ፤ ሌላ የሚቀር ነገር አለ ወይ? የለም አሉት። በእሳቸው ቤት ሽፋን ወረቀት አይደለም። ሽፋን ሽፋን ነው፤ ማንም «የሽፋኑን ወረቀት» ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም። እሱ ደግሞ ሽፋን ላይ ሰው ይጽፋል ብሎ በምን ይጠርጥር? ወረቀታቸው የወጣላቸው ሽፋኖች ወደ መቆራረጫው ማሽን ገቡ፤ ለመወገዳቸውም እትዬ ቁልፌ ፈረሙ።

እዚህ ላይ ለእትዬ ቁልፌ ማዳላት አልችልም። ሲቆራረጥ አጠገቡ ቆመው አይተዋል። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው እንደ ገለባ ሲወርድ አይተው ዝም ብለዋል። ለዝምታቸው ሁለት ምክንያት ነበራቸው። አንደኛው ጥሩ ነው፤ በጆሮ የተነገረን ነገር ማሽን ውስጥ ማስገባት ክህደት መሰላቸው፣ ደግሞም ሁሉም በጭንቅላታቸው አለ። ሁለተኛው ግን ኩራት ነው። ወረቀቱን ይውሰዱት፣ ማሽናቸውም ይኑራቸው፣ ስልክ ሊደውሉ ሲሉ ግን እዚሁ በር ላይ ይመጣሉ ብለው አሰቡ። ያን ጊዜ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ ብለው አሰቡ።

በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ሰውዬው ሐሙስ ጠዋት ለደንበኞች ሁሉ በስልካቸው መልእክት እንደሚላክ፣ ቁጥራቸው ትክክል መሆኑን እንደሚያረጋግጡ አስረዳ። እትዬ ቁልፌም እዚያው ነበሩ፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው የጠረጴዛውን ልብስ ዘርፍ ይጎነጉኑ ነበር። ከተናገረው አንድ ቃል አልሰሙም።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፎ አንድ የድሮ ደንበኛ ደወሉ። የመጣላቸውን መልእክት ስላልገባቸው ለእትዬ ቁልፌ አነበቡላቸው። «የፍርድ ቤት ጉዳይዎ ማህደር ወደ አዲሱ፣ በጥብቅ ወደሚጠበቀው ማከማቻችን ተዛውሯል» ይላል፤ ከሥሩ የቢሮው ስም አለ፤ ከላይ የደንበኛው ስም አለ። እትዬ ቁልፌ ስልኩን አስቀምጠው ወደ ሰውዬው ሄዱና ይህ ለማን ለማን እንደተላከ ጠየቁ።

«ለሁሉም» አለ ሰውዬው ደስ ብሎት። «አራት መቶ ስድስት ሰው፤ አንድም አልቀረም።»

ብዙ ስም ባንድ ጊዜ መጣባቸው፤ ከሁሉ ቀድማ ግን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ማመልከቻዋ የሚገባው ሰኞ ነው፤ መልእክቱ ግን ዛሬ ባሏ እጅ ገብቷል። ወደ መድኃኒት ቤቱ ደወሉ፤ እህትየዋ ቃል ሳትመልስ ስልኩን ጥላ ወደ ሱቁ ሮጠች። እትዬ ቁልፌ ጠበቃዋን፣ የሽማግሌውን ልጅ፣ ከስብሰባ አስወጥተው፣ መኪና ውስጥ እየነገሯት፣ ልጆቹ ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት ሄዱ። ጠበቃዋ እየነዳች አንዴ ብቻ ዘወር ብላ አየቻቸውና ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀድማቸው ደርሳለች። ሴት ልጇ ስፖርት ሜዳ ነበረች፤ አገኟት። የአንደኛ ክፍሉን ወንድ ልጅ ግን አባቱ ከግማሽ ሰዓት በፊት ወስዶታል። የበሩ ጥበቃ እጁን እያፍተለተለ፣ አባቱ አይደለም ወይ፣ ምን ብዬ ልከልክለው አለ። እናትየዋ አልጮኸችም። ወደ ልጁ ክፍል ገባች። ሹራቡ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። አንሥታ አጣጠፈችው፤ ፈታችው፤ የእጅጌውን ስፌት ገልብጣ አየች፤ መልሳ አጣጠፈችው። እትዬ ቁልፌ ከበሩ አልፈው መግባት አቃታቸው።

ቢሮ ሲመለሱ ጠበቃዋ ንዴቷን ሰውዬው ላይ አወረደችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትሠራ አንዲት ሴት በባሏ ስልክ እንደተመዘገበች አላየህም ወይ ብላ ጮኸችበት። ሰውዬው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ አቀረቀረ። ሁለቱንም ጥያቄዎቹን፣ ቀኑንም ጭምር ጽፎት ነበር፤ ግን አልገለጠውም።

«ልጄ፣ እሱን ተይው» አሉ እትዬ ቁልፌ። «ሁለቴ ጠይቆኛል። ሁለቴ የለም ብዬዋለሁ። ሲቆራረጥም ቆሜ አይቻለሁ። እኔ ነኝ።»

ያን ቀን ራት ላይ ባለቤታቸው እንደልማዳቸው ጠየቁ። እትዬ ቁልፌ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አንድ ልጅ በኔ ምክንያት ከእናቱ ተለየ» አሉ። ከቢሮው ወደዚያ ቤት የገባ የመጀመሪያው ወሬ ይኸው ነው። ባለቤታቸው ሬዲዮኑን ዘግተው ወንበራቸውን ወደሳቸው አስጠጉ።

በማግስቱ በር ተዘግቶ የጭንቅላታቸው መዝገብ ይወጣ ጀመር። ሰውዬው በየማህደሩ ራስ ላይ፣ ከስልክ ቁጥሩ በላይ፣ ጉዳዩን የያዘው ጠበቃ ብቻ የሚከፍተው አንድ ቦታ ሠራ፤ እዚያ የተጻፈ ነገር ካለ ወደዚያ ስልክ ምንም አይላክም። እትዬ ቁልፌ ተናገሩ፤ ጠበቃዋ ጻፈች። የሃምሳ ሦስት ደንበኛ ምስጢር አወጡ። ከዚያ የፈሩት መጣ። አንዳንዱ ማህደር ላይ እንደጻፉ ያስታውሳሉ፤ ሁለት መስመር ይሁን ሦስት፣ የእርሳሱን ቅጥነት ሳይቀር ያዩታል፤ የጻፉት ምን እንደሆነ ግን ጠፋባቸው። በጭንቅላቴ አለ ብለው የተኩራሩበት ጭንቅላት ዘጠኝ ጊዜ ከዳቸው። ዘጠኙን ደንበኞች ከጠበቃዋ ጋር በእግር እየዞሩ ፈለጓቸው። ሰባቱን አገኙ። ሁለቱ አድራሻ ለውጠዋል፤ መልእክቱ ምን እንዳመጣባቸው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ልጁን ለማስመለስ አምስት ወር ፈጀ። ጠበቃዋ ሌላውን ሥራ ሁሉ ወዲያ ብላ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ተንከራተተች። እትዬ ቁልፌ በየቀጠሮው ሄደው ከኋላ ወንበር ይቀመጡ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብትላቸውም ከዚያ አታልፍም። በመጨረሻ አባቱ በፖሊስ ተገዶ ልጁን አመጣ። ልጁ ሲሄድ የሚነቃነቁ ሁለት የፊት ጥርሶች ነበሩት። ሲመለስ ወልቀው፣ በምትካቸው ትላልቅ ጥርሶች በቅለዋል። እናቱ አፉን ከፍታ አየችና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ለመጨረሻው ፊርማ መጣች። ጠበቃዋ ስልክ ላይ ስለነበረች መዝገብ ቤት ገብታ ጠበቀች። እትዬ ቁልፌ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አምስት ወር ሙሉ ያዘጋጁት ይቅርታ ነበራቸው፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ቀደመቻቸው።

«እትዬ፣ እኔኮ የነገርኩት ለርስዎ ነበር» አለች። ቁጣ የለበትም፤ ነገሩ እስካሁን ያልገባት ሰው ድምፅ ነው።

«አዎ። ለኔ ነበር» አሉ። «እኔም ለራሴ ያዝኩት። በልጅሽ ላይ የመጣው ከዚያ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ግን እወቂው።»

ልብስ ሰፊዋ ቤት እንደቀየረች፣ የራሷ ስልክ እንዳወጣች፣ አዲሱን ሰፈር የልጆቿ አባት ማወቅ እንደሌለበት ተናገረች። ወደ በሩ አየች፤ ገፋ አደረገችው። በዚህ ሁሉ ሕንፃ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የምታምነው ሰው አላወቀችም መሰለኝ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

እትዬ ቁልፌ አምስት ወር ሙሉ፣ ከእንቅልፋቸው ሲነቁም፣ የተመኙት ይህንኑ ነበር።

«ቆይ ልጄ» አሉና ክንዷን ያዙ። «ለኔ ብቻ አትንገሪኝ። ጠበቃዋን ልጥራት፤ አንቺ እያየሽ ይጻፍ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። የገፏት መሰላት፤ ፊቷ ላይ ታየ። እትዬ ቁልፌ ሊያስረዷት ፈለጉ፤ ማስረዳቱ ደግሞ ለራሳቸው የሚሉት ነገር መሰላቸውና ተዉት፤ ወጥተው ጠበቃዋን ጠሩ። ጠበቃዋ መጥታ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ቦታውን አሳየቻት፤ ማን ማን እንደሚያየው ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ አዲሱን አድራሻ ለጠበቃዋ፣ ጮክ ብላ፣ ወደ እትዬ ቁልፌ ሳትመለከት ነገረቻት። እትዬ ቁልፌ ከወንበሩ ኋላ ቆመው የመጨረሻው ቃል እስኪጻፍ ጠበቁ።