በሎተሪ ወሬ የተማርኩት ማንክስ

ያን ሰውዬ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከአባቱ ነው።

ካምቤል ከተማ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቤታቸው እየሄድኩ እንድከባከብ ከኤጀንሲ ተመደብኩ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን አስሮታል፣ እንግሊዝኛው አፋቸው ላይ ይተበተባል። በሦስተኛው ሳምንት ሻይ ሳቀብላቸው አንዴም ሳይንተባተቡ በማላውቀው ቋንቋ አመሰገኑኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ማንክስ» አሉ፤ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ያለች «ማን» የምትባል ደሴት ቋንቋ። ለአማርኛ ጆሮዬ «የማን ደሴት?» የሚል ጥያቄ ሆኖ ገባ። ልጅ ሳሉ አያታቸው አስተምረዋቸዋል። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን የሚያናግራቸው አላገኙም፤ አንድ ልጃቸው እንኳ ቃል አያውቅም።

«እኔን ያስተምሩኛ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሎተሪ ይቆርጣሉ። ከሰፈሬ ከፍሩትቬል ተነስቼ እሳቸው ጋ ስደርስ ለባብሰው ይጠብቁኛል፤ በዊልቸር እየገፋሁ ጥግ ያለችው ሱቅ ድረስ እንሄዳለን። ትምህርቱ መንገድ ላይ ነው፣ ርዕሱም ሁልጊዜ አንድ፦ ቢደርሰን ምን እናደርጋለን? ቤት «ታይ»፣ ላም «ቡዋ»፣ ገንዘብ «አርጊድ»። «ታ ታይ ኤም» ማለት ቤት አለኝ ነው። እንደኛው ነው የሚሉት፤ ቤቱ አለ፣ እኔ ዘንድ። እንግሊዝኛ ሃያ ዓመት ስማር እንዲህ ቶሎ የገባኝ ዓረፍተ ነገር አልነበረም።

እሳቸው የሚመኙት ላም ነው። «ሚሊዮን ደርሶዎት ላም?» ስላቸው ይስቃሉ። እኔ የምመኘው የራሱ ልብስ ማጠቢያ ያለው ቤት ነው፤ ኦክላንድ ውስጥ ላውንድሪ ተራ ስጠብቅ ዕድሜዬ አልቋል። «ቤቱን እኔ እሰጥሻለሁ፣ አንቺ ላሟን ታልቢልኛለሽ» ይሉኛል። እኔም በማንክስ እየተኮላተፍኩ እመልስላቸዋለሁ። አንድ ቀን «ሎተሪ ደርሶሽ ያውቃል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ዲቪ።»

«ሽልማቱ ምን ነበር?»

«ይኸው፣ እርስዎን መግፋት።»

እስኪያስላቸው ሳቁ።

የተማርኩትን ደብተር ላይ እጽፍ ነበር፤ ማንክሱን በፊደላችን፣ ትርጉሙን በአማርኛ። አንድ ሐሙስ ልጃቸው ከፓሎ አልቶ መጣና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደብተሬን አገኘው። በስልኩ ካሜራ አስተረጎመው። አባቱን አጣጥቤ ስወጣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። «ሎተሪው ሲወጣ ቤቱን ይሰጡኛል» ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ለአባቱ፣ በአክብሮት። ስልክ አክብሮት ምን ያውቃል? «እነሱ ቤቱን ይሰጡኛል» ብሎት አረፈው።

«እነሱ እነማን ናቸው?» አለኝ። «ከማን ጋር ተማክረሽ ነው የአባቴን ቤት የምትወስጂው?»

«መለማመጃ ነው። አባትህ ቋንቋቸውን እያስተማሩኝ ነው።»

«አባቴ በሽተኛ ነው። የሚያወራው ትርጉም የለውም።»

ትርጉም የለውም! ሰባት ወር ሙሉ ስንጫወት የከረምነውን! ሽማግሌው በግራ እጃቸው ዊልቸሩን እየደበደቡ በማንክስ ጮኹ። «ተዋት፣ ጓደኛዬ ናት» ነበር የሚሉት። ልጁ ግን «ይኸው አስጨነቅሽው» ብሎ በሩን ከፈተልኝ።

የኤጀንሲው ኃላፊ የአገሬ ሰው ናቸው፣ ታላቄ። ማታውኑ ደወሉልኝ።

«የኔ ልጅ፣ ሶሪ በይውና ይለፍ። ኮምፕሌይን ካደረገ ለሁላችንም አይበጅም።»

«እትዬ፣ ምን አድርጌ ነው ሶሪ የምለው?»

«ምንም አላደረግሽም፣ አውቃለሁ። ግን...»

«እንግዲያው አልልም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባቸው። በታላቅ ሰው ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነበር። በእሳቸውም ተናድጄባቸው ነበር፤ ማወቃቸው ነው ያበገነኝ። ሌላ ቤት መደቡኝ፣ ሄድኩ። አልጋ ሳነጥፍ፣ ሳህን ሳጥብ፣ ለዚያ ሰውዬ ያልመለስኩለትን መልስ ብቻዬን ስመልስ እውላለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ራሱ ደወለ። ሁለተኛ ስትሮክ እንግሊዝኛውን ጠራርጎ ስለወሰደባቸው አባቱን ሳን ሆዜ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አስገብቷቸዋል።

«ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ይደጋግማል» አለኝ። «የመጨረሻ ቃሉ ይሆናል ብዬ ፈርቻለሁ። መጥተሽ ተርጉሚልኝ፣ እከፍልሻለሁ።»

ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ልሰድበው አፌን ከፈትኩ፤ ሽማግሌው ትዝ አሉኝና «አድራሻውን ላክልኝ» አልኩት።

አልጋቸው ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ነበር፤ የለበሱት ስስ የሆስፒታል ጋውን ብቻ። ሲያዩኝ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ልጁ ድምፅ ሊቀዳ ስልኩን ደግኖ እግራቸው ሥር ቆሟል።

«ታ ሚ ፉር» አሉ። ደግመው፣ ቀስ ብለው፣ «ታ ሚ ፉር።»

«ምን አለ? ምን አለ?»

ሹራቤን አውልቄ ትከሻቸው ላይ ደረብኩ፣ እጃቸውን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ ብረት የነካሁ ነው የመሰለኝ።

«በረደኝ ነው የሚሉህ!» አልኩት። «ሦስት ቀን ሙሉ በረደኝ ነው ያሉህ!»

ጩኸቴን ሰምታ ነርሷ እየሮጠች መጣች። ሁለት ብርድ ልብስ አስመጣሁ፣ አልጋውን አስጎተትኩ። ሰውዬው ፊቱ ቀልቶ «ከየት ላውቅ እችላለሁ?» ይላል።

«ቁጭ በል» አልኩት። «በረደኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ። ሦስቱን ሳታውቅ ከዚህ ክፍል አትወጣም።»

ተቀመጠ። ሲሳሳት በቁጣ አረምኩት፤ አንዷንም አላሳለፍኩለትም።