ጠበል የነካው አይመለስም

ዋሽንግተን ዳር፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር መኪና ሊገዛ ያሰበ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ ኃይለመለኮትን ያማክራል። «እሱ የማያውቀው መኪና የለም» ይባላል። እውነት ነው፣ የለም። ዋሽንግተን መሀል ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ ሲሠራ ኖሯል። ጠበቃው ይመጣል፣ የጥርስ ሐኪሙ ይመጣል፣ ቁልፉን ወርወር አድርጎለት ይሄዳል። ኃይለመለኮትም ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ መስተዋቱን ቀና አድርጎ፣ መኪናውን እንደ ሙሽራ አጅቦ ወደ ቦታው ያስገባዋል። ዓለም ያመረተችውን ሁሉ ነድቷል። ለሰው የማይነግረው ነገር ቢኖር፣ አንዱንም ከሃምሳ ሜትር በላይ አለመንዳቱን ነው። ያውም ምድር ቤት ውስጥ! እዚያ ደግሞ እንኳን በረዶ ካፊያም ዘንቦ አያውቅ።

ይህችን ነገር ልብ ያለች አንዲት ሰው ነበረች። እሷም ሚስቱ እታለማሁ ናት፤ ለክፉ ቀን ይሆናል ብላ ይዛት ትኖራለች።

እታለማሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ናርሲንግ ሆም ውስጥ ነው የምትሠራው። ሽማግሌዎችን ከአልጋ ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ቁርስ ታበላለች። የጠዋት ሺፍት ናት። የቤቱ ምሰሶ ይቺ የጠዋት ሺፍት ነበረች፤ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ልጃቸውን ቤዛዊትን ከትምህርት ቤት የምትቀበለው እሷ ነቻ። ታዲያ ያን ጊዜ፣ ፈረንጆቹ 2000ዎቹን ጨርሰው 2010ን ሊቀበሉ ሲሉ፣ በረዶው ገና ከገና በፊት ወርዶ ጉድ አፈላ። አሮጌዋ መኪናቸው ቤልትዌይ የሚባለው የቀለበት አውራ ጎዳና መግቢያ ላይ ሲደርሱ እንደ ሰነፍ በቅሎ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። እታለማሁ ሥራ የገባችው ሽማግሌዎቹ ምሳ ሊበሉ ሲሉ ነው።

ሱፐርቫይዘሯ ጠራቻት። «እታለማሁ፣ በረዶ ስለወረደ ሰው መራቡን አይተውም። ሌላ ጊዜ በረዶ ወርዶ ካረፈድሽ፣ የጠዋቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ አንቺን ወደ ማታ አዞርሻለሁ» አለቻት፤ ፈገግ ብላ። ፈረንጅ ደግሞ የሚያስፈራው ፈገግ ሲል ነው።

መኪናይቱም ብዙ አልቆየች፣ በወሩ ሞተሯ ጨርሶ ዝም አለ። ባልና ሚስት ሌላ ሊመርጡ ተቀመጡ።

«ሱባሩ» አለች እታለማሁ።

ኃይለመለኮት የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ምን አልሽ?»

«ሱባሩ። አራቱም ጎማዋ ይጎትታል። ቁርስ የማበላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ቨርሞንት በረዶ ውስጥ ፖስታ ሲያድሉ ያረጁ። ከሱባሩ ሌላ እንዳትነኪ ብለውኛል።»

«እኚህ ሰውዬ የራሳቸውን ስም ያስታውሳሉ?»

«አንዳንዴ።»

«በይ ተይኝ እቴ! ሱባሩ እኮ የአስተማሪ መኪና ነው። ውሻ ያለው ፈረንጅ ነው የሚነዳው። አንቺ ውሻ አለሽ?»

«ውሻ የለኝም፤ ሺፍት ነው ያለኝ።»

የኃይለመለኮት ልብ የሸፈተው ሌላ ዘንድ ነው። ጥቁር የጀርመን መኪና፤ ወንበሩ ቆዳ፣ በሩ ሲዘጋ ድምፁ እንደ ባለሥልጣን ጉሮሮ እህ የሚል። የሚገፋው የኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ ይህን ግን ሲያወራ ዘለል ያደርገዋል። መኪና አዋቂ የተባለ ሰው ሚስቱ የመረጠችለትን ቅጠልያ ሳጥን ይዞ ቢታይ፣ ሰፈሩ ምን ይለዋል?

ውድብሪጅ የሚገኘው መኪና ሻጭ ዓብዩ ሁለቱም መኪኖች ነበሩት። እነሱ በሩ ላይ ቆመው «ጥቁሩ»፣ «አረንጓዴዋ» ሲባባሉ ፀሐይ ልትጠልቅበት ሆነ። «ወገኖቼ» አለ በመጨረሻ፣ «ሁለቱንም ውሰዱ። ቅዳሜና እሑድን ሞክሯቸው፣ ሰኞ ያልፈለጋችሁትን መልሱልኝ። እኔ ባልና ሚስት መሀል ገብቼ ማን ያገላግለኛል!» የአገር ልጅ ነው፤ ማስያዣ እንኳ አልጠየቀም። ባል በጥቁሩ፣ ሚስት በአረንጓዴዋ፣ እንደ አጀብ ተከታትለው ላንድማርክ ገቡ።

ያ ቅዳሜ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው ጥምቀትን የሚያከብርበት ቀን ነበር። ኃይለመለኮት አንድ ሐሳብ መጣለት፣ ሐሳቡም ራሱን አሳቀው። ሰኞ አንደኛው መኪና ይመለሳል። ጥሩ። ጠበል የተረጨ መኪና ግን የትኛው ክርስቲያን ነው የሚመልስ?

ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ጥቁሩን መኪና ሕዝቡ በሚያልፍበት አፋፍ ላይ አቆመው። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል፤ የመዘምራኑ ትንፋሽ እንደ ጭስ ይወጣል። ጠበሉ ተረጭቶ ሕዝቡ ሲበተን ቄሱን ጎንበስ ብሎ ለመናቸው፦ «አባቴ፣ ይቺን መኪና ይባርኩልኝ።»

ቄሱ በመዳፋቸው ኮፈኑ ላይ ጠበል ረጨት አደረጉና ሊያልፉ ሆኑ።

«ኧረ አባቴ፣ በሮቹንም! ጎማውንም! መንገድ ላይ የሚያጋጥመው አይታወቅም!»

ቄሱ በርዷቸዋል፤ የጠበሉን ማሰሮ ለእሱ ትተውለት ሄዱ። ኃይለመለኮት ምን ገዶት! አራቱንም በር፣ መስኮቱን፣ እጀታውን፣ ጎማውን፣ አንድ ሳያስቀር አጠባቸው። ልጅ የሚያጠምቅ እንኳ እንዲያ አያፈስም።

ያን ጊዜ እትዬ አበዛሽ ደረሱ። እትዬ አበዛሽ ከእነሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት፤ የላንድማርክ ወሬ በእሳቸው ቤት ሳያልፍ አያድርም። «እልልልል! እሰይ ልጄ! መልኳ ጥቁር፣ ዕድሏ ነጭ ይሁን! መጫኛ እንጂ መሸጫ አያድርጋት!»

«አሜን፣ ይኑሩልኝ እትዬ!»

እታለማሁ ጠጋ ብላ ክንዱን ቆነጠጠችው። «ሰውዬ፣ ገና አልገዛነውም እኮ።»

እሱ ግን ሆን ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «ጠበል የነካው አይመለስም!»

«እንዴታ!» አሉ እትዬ አበዛሽ። «መልሶ ማን ይቀሰፋል?»

እታለማሁ መኪናውን አየችው። ከበሩ ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ መንጠባጠቡን ትቶ፣ ጫፉ ነጭ እያለ ነበር። ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «ይሁን እሺ» አለች። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ጠበል በትንሽ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ፣ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ከታ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በዚያው ሌሊት በረዶው ጣለ። ሽማግሌ እሑድም ቁርስ ይበላልና፣ እታለማሁ ሊነጋጋ ሲል ለብሳ ባሏን ቀሰቀሰችው። «ተነስ። ስኖው አድሯል። ያንተ መኪና ታድርሰኝ።»

ኃይለመለኮት ጋቢውን እንደደረበ እየተጣደፈ ወረደ። ቁልፉን ሲጫን መኪናው ጢጥ ይላል፣ መብራቱ ብልጭ ይላል፤ በሩ ግን ወይ ፍንክች! ሌላውን በር ሞከረ፣ ያም ያው። አራቱም በሮች በዚያ ሁሉ ጠበል ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። እግሩን ጎማው ላይ አንተርሶ እጀታውን ሳበው፤ ቂጡ ላይ ዘፍ አለ።

ቤት ሮጦ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውኃ አመጣና በሩ ላይ ቸለሰው። ጢሱ ቦለል ሲል ደስ አለው። ጢሱ ሲጠፋ ግን በሩ ሌላ ብርጭቆ ለብሶ ጠበቀው።

ቤዛዊት መስኮቱን ከፈተች። «ዳዲ፣ ስቶፕ! ተጨማሪ አይስ እየሠራህ ነው!»

«ዝም በይ! ግቢና ተኚ!»

ለካ የኋላው የዕቃ መጫኛ ጠበል አልደረሰውም ኖሯል። ትራንኩ ተከፈተ። መኪና አዋቂው ኃይለመለኮት ጋቢውን ሰብስቦ፣ ወንበሩን ወደፊት አጥፎ፣ በሆዱ እየተሳበ ገባ።

«አንተ ኃይለመለኮት!» ከላይ ከበረንዳ ድምፅ መጣ። እትዬ አበዛሽ ናቸዋ! በዚያ ጎሕ ምን አስነሳቸው? ወሬ እንቅልፍ ይወስደዋል እንዴ! «ምነው ልጄ፣ በትራንክ የምትገባው? ቁልፍ ጠፋህ?»

«ኧረ አይደለም እትዬ፣ እያሞቅኳት ነው!»

«ከሆዷ ገብተህ?»

ሞተሩ ተነሳ፤ ድምፁ እንኳ ያምራል። ነዳጁን ረገጠው። የኋላው ጎማ እንደ ወፍጮ ዞረ፣ በረዶውን እንደ ዱቄት በተነው፣ መኪናው ግን ካለበት ስንዝር አልተነቃነቀም። እንደገና ረገጠ። አሁንስ ጎማው የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ተቀመጠ።

እታለማሁ ይህን ሁሉ ቆማ አላየችም። አረንጓዴዋን በመጥረጊያ ጠራርጋ፣ በሯን ከፈተች። ጠቅ ብሎ ተከፈተላት። አስነሳቻት፣ ወደ ኋላ ሳበቻት፣ የመኪና ማቆሚያውን ዳገት ጉብ ጉብ እያለች ወጣችና ጥቁሩ አጠገብ አቁማ የእሱን መስኮት አንኳኳች። ኃይለመለኮት መስኮቱን ሊያወርድ ቢጫን እሱም ተጣብቋል። በመስተዋቱ ውስጥ ተያዩ።

«እኔ ረፈደብኝ!» አለች ጮክ ብላ። «ትመጣለህ ወይስ እሷን ታሞቃለህ?»

ወንድ ልጅ በገባበት ይወጣል። ኃይለመለኮትም በገባበት፣ በትራንኩ፣ እግሩን አስቀድሞ ወጣ። ከበረንዳው ሳል ተሰማ፤ እንዲያ ያለ ሳል ደግሞ የጉንፋን አይደለም።

በመንገድ ላይ አላስቀምጥ አላት። «ቀስ! ቀስ በይ እንጂ! ፍሬን አትያዥ! ያዢ! ኧረ ያዢ!» ቀኝ እግሩ የሌለውን ፍሬን እየረገጠ ምንጣፉን ሊበሳው ደረሰ። ግራና ቀኝ ስንትና ስንት መኪና ቦይ ገብቶ መብራቱን ያርገበግባል። ታኅሣሥ ላይ ያንሸራተተቻቸው የቤልትዌይ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ኃይለመለኮት ዓይኑን ጨፍኖ አማተበ። ሲገልጠው አልፈውታል። ያን ጊዜ ነው መሪው አጠገብ የተሰካችውን ትንሽ ጠርሙስ ያየው፤ ግማሿ ጎድሏል።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ጠበል።»

«የት አደረግሽው ግማሹን?»

«መሪዋ ላይ። ማታ በአውራ ጣቴ መስቀል ሠራሁባት። ጠበል እኮ ለሚነዳው እጅ ነው፤ ለበር ማጠፊያ ምን ይፈይዳል?» ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። «ደግሞ ታውቃለህ፤ ጠበል የነካው አይመለስም። ማን ነበር ያለው?»

ኃይለመለኮት ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳበ።

ናርሲንግ ሆሙ ጋ ሲደርሱ ሱፐርቫይዘሯ ራሷ ገና አልመጣችም፤ ከአንድ ቦይ ውስጥ ሆና ትደውላለች። እታለማሁ ስልኩን አነሳች። «እኔ ገብቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ቁርሳቸውን ጀምረዋል። አይዞሽ፣ ቀስ ብለሽ ነይ» አለቻት፤ በተራዋ ፈገግ ብላ። ስለ ማታ ሺፍት ከዚያ ወዲያ የተነሳ ነገር የለም።

የቨርሞንቱ ሽማግሌ አጃቸውን እየጎረሱ በመስኮት ወደ ታች አዩ። አረንጓዴዋ ቆማለች፤ ውስጧ ኃይለመለኮት ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሰው እንዳያየው ተኮራምቶ ተቀምጧል። ዓይናቸው ደከም ስላለ ጠበብ አድርገው ተመለከቱ።

«ሱባሩዋን ገዛሽ! ጎበዝ! ነጭ ውሻም ጨመርሽ?»

«እሱ ድሮም ነበረኝ» አለች እታለማሁ፣ ሌላ ማንኪያ እያጎረሰች።

ኃይለመለኮት ሰኞ በረዶው ሲለቅ ጥቁሩን ወደ ውድብሪጅ ወሰደ። መቀሰፉን እየፈራ፣ ጠበል መነካቱንም ሳይደብቅ ለዓብዩ ነገረው። ዓብዩ ግን ፊቱ በራ። «ተባርኮ መጣልኝ በለኛ!» ሳምንት ሳይሞላ «የጥምቀት ጠበል የተረጨ» ብሎ ተሻገር ለሚባል ታክሲ ነጂ ሸጠለት፤ ተሻገርም ቀጥታ ወደ ፍሎሪዳ ሊኖርበት ይዞት ሄደ። እዚያ በረዶ ስለማይወርድ በሩ የሚጣበቅበት ምክንያት የለውም።

አሁንም ላንድማርክ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ኃይለመለኮትን ያማክራል። እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ለበረዶ? ሱባሩ ነዋ! አራቱም ጎማ ይጎትታል። እኔ ድሮም ስል ነበር» ይላል። የአረንጓዴዋ ቁልፍ እታለማሁ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ እሱ ሲፈልግ ያስፈቅዳል።

እትዬ አበዛሽ ካሉ ደግሞ ምክሩን እስኪጨርስ ጠብቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጠያቂውን ጠጋ ይሉታል፦

«ልጄ፣ በየት በኩል እንደሚገባም ጠይቀው።»