እናቴ የያዘችው ሳፋ

ጋሼ ለታ? የኛ ጋሼ ለታ? አላመንኩም። ስልኩን ዘግቼ እንደገና ደወልኩ።

«አዎ ልጄ፣ ዛሬ ንጋት ላይ። በገዛ አልጋቸው፣ እንደተኙ» አለችኝ እናቴ።

ከዚያ ሁሉ ወራት የሕመም ስቃይ በኋላ በእንቅልፍ ሄዱ። ተመስገን ነው! እያለቀስኩ ነው የምጽፈው፤ ግን ልቤን ቀሎኛል።

ለማታውቋቸው፦ ጎሬ ከተማ ከቤታችን ፊት ለፊት የሚኖሩ ባለወፍጮ ነበሩ። ዳልቻ የምትባል የሚሳሱላት ላም ነበረቻቸው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ዳልቻ ከሳች። ከአፍንጫዋ ደም ይንጠባጠባል፣ ወተቷም ነጠፈ። እናቴ ደግሞ ከዚያ በፊት «ግቷ እንዴት ያምራል!» ብላ ነበር፤ እትፍ ሳትል። በቃ፣ ሰፈሩ ፈረደባት። ዓይኗ ነው ተባለ። ከእጇ ውሃ እንኳ የሚጠጣ ጠፋ፤ እሷም ከቤት መውጣት ፈራች።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ለታ ላሟን ውሃ ነስተዋት አድረው፣ እየጎተቱ መጥተው በራችን ላይ አቆሟት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሊሰድቡን መስሎኝ በሩን ልዘጋ ነበር።

«ዘነቡ! በሳፋ ንጹህ ውሃ አምጪልኝ። ራስሽ ያዥው።»

እማዬ ሳፋውን ሞልታ አምጥታ ያዘችው። ዳልቻ ውሃውን ልትጠጣ ስታጎነብስ አንድ ነገር ከአፍንጫዋ ብቅ አለ፤ ጥቁር፣ የሚያሙለጨልጭ፣ ደሟን ጠጥቶ የወፈረ። ጋሼ በጨርቅ ለቀም አድርገው ሳቡት።

«ኩኖ! ይኸውላችሁ ዓይኗ!» አሉ ከፍ አድርገው እያሳዩ። «አልቅት ነው። ከወንዝ ስትጠጣ ገብቶባት ነው። ሲጠማት ጊዜ ውሃ ሸቶት ወጣ።»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «እኔንም ጠምቶኛል» አሏት። ሰው ሁሉ እያየ ሌላ ውሃ በጣሳ ከእጇ ተቀብለው ጭልጥ አደረጉ። እማዬ ጓዳ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ስትወጣ እየሳቀች ነበር። ዳልቻም ዳነች፣ ወለደችም።

ከዚያ ወዲህ ሐሜት በተነሳ ቁጥር «ቆይ፣ መጀመሪያ ውሃ ይቅረብ» ይሉ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ተኳርፌ ስደውልላቸው እንኳ «ውሃ አቅርቢለት፣ የደበቀው ይወጣል» ብለው አስቀውኛል።

ጋሼዬ፣ ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከመቱ ከተማ እመጣለሁ። እትዬ ጫልቱ፣ ባለቤትዎ፣ እናቴን ምን እንዳሏት ያውቃሉ? «ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ በሩ ላይ እጅ የምታስታጥቢልኝ አንቺ ነሽ።»

ስለዚህ ያ ሁሉ የሰፈር ሰው ከእማዬ እጅ ውሃ ሳይቀበል ቤትዎ አይገባም።

አሁን ይረፉ ጋሼ። ሳፋውን እሷ ይዛዋለች።